የልዑል ዓለማየሁን የትኛውን ታሪክ ልመን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ሁለት መጻሕፍት ላይ አነበብኩ። አንዱ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደደችው ይላል፣ ሌላው ምርኮኛ ነበር ይላል። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ እንባዬ አመለጠኝ። የ7 ዓመት ልጅ አለኝ። የቱን ልመን?
እናት ነኝ፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም አልዋሹሽም። ንግሥቲቱ በእርግጥ ትወደው ነበር፤ ሲሞት በዕለት ማስታወሻዋ ላይ ማዘኗን ጽፋለች። እኔ ግን ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲያጠፉ ልክ እንደ ልጅሽ የ7 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ። ከዚያ ካፒቴን ስፒዲ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ላይ ሙጭጭ አለ። አማርኛ የሚችል ሰው እሱ ነበራ! የእንግሊዝ መንግሥት ግን ይማር ብሎ ከእሱም ለየው። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

ራግቢ የሚባል ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ አልሆነለትም። በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረው ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ነው።

ስታነቢ አንድ ነገር ልብ በይ፤ የሚጠቀሰው የማን ደብዳቤ ነው? አብዛኛው የአሳዳጊዎቹ ነው፣ የልጁ ድምፅ በጣም ጥቂት ነው። አፅሙ ይመለስ ስንል ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 የሌሎችን አፅም ሳይነኩ ማውጣት ይከብዳል ብሎ እንቢ አለ። በዚያው ዓመት ግን የፀጉሩ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል።