ቡናው ውስጥ የገባው ኪኒን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ እያለ ለብቻው ማውራትና መሳቅ ጀመረ፤ ጎረቤቶች በግድግዳ በኩል ይሰድቡኛል እያለ ሌሊቱን አይተኛም ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ነው ተብሎ ተኝቶ ታከመና ተሻለው። ከዚያ «እኔ አልታመምኩም» ብሎ መድኃኒቱን እምቢ አለ። እናቴ ግራ ሲገባት ሪስፐሪዶኑን እየፈጨች ቡናው ውስጥ ትጨምርለት ጀመር። ለአራት ወር ያህል ደህና ነበር። አሁን ግን ቡናውን እያሸተተ ደጅ ይደፋዋል፣ ከእናቴ እጅ ጉርሻ አይቀበልም፣ «ልትመርዙኝ ነው» ይላል። ሕመሙ አገርሽቶበት ነው ወይስ እኛ ነን ያበላሸነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ግን እናትሽን ማንም እንዳይወቅስብኝ። ልጃቸው እንደገና እንዳይታመም የፈሩ እናት ያደረጉት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ቤተሰብ ደግሞ እናንተ ብቻ አይደላችሁም፣ በየጊዜው ያጋጥመኛል።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ይህ ሕመም ጥርጣሬን ራሱ የሚፈጥር ሕመም ነው። ወንድምሽ ቡናው ውስጥ አንድ ነገር አለ ብሎ ጠረጠረ። በዚህ ጊዜ ልክ ነበር። እናንተ ደግሞ «ምንም የለውም፣ ጠጣ» አላችሁት። እውነቱንና ሕመሙ የሚነግረውን እንዲለይ ልንረዳው ሲገባ እኛው አምታታንበት ማለት ነው። አሁን ያጣችሁት መድኃኒቱን ብቻ አይደለም፣ ከእናቱ እጅ መብላቱንም ነው፤ እሱን መመለስ ከኪኒኑ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ሌላም አደጋ አለው። አንድ ቀን ተረኛ ሆኜ የሰባት ዓመት ልጅ አንገቱ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ አመጡልኝ። ቤተሰቡ ለክፎት ነው ብለዋል። ደጋግመን ስንጠይቅ ለአጎቱ ሃሎፔሪዶል የሚባል የዚሁ ዓይነት ሕመም መድኃኒት የተበጠበጠበትን ጁስ ጠጥቶ ኖሯል። መርፌ ወጋነውና ብዙም ሳይቆይ አንገቱ ተመለሰ፤ የአያቱ ፊት ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ታዲያ ነገውኑ አቁሙ እያልኩሽ አይደለም። ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። በዚህ ሳምንት ግን እሱ አልሄድም ቢል እንኳ አንቺና እናትሽ ሐኪሙ ጋ ሂዱ። የሚከታተለው ሐኪም ከቤተሰብ መስማት ይችላል። አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ ካልቻላችሁም በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም የአእምሮ ሕክምና ነርሶች አሉ።

ከዚያ በፊት ግን ለምን እምቢ እንዳለ ጠይቁት። በእርጋታ፣ ሳትቆጡ። መታመሙን አለማወቅ የሕመሙ አንዱ ምልክት ነው፤ ግትርነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ከጀርባው ሌላ ምክንያት ይገኛል። አንዳንዱን ሰው መድኃኒቱ ሰውነቱን ያገትረዋል፣ ለሃጩን ያዝረከርከዋል፣ ወይ አንድ ቦታ አላስቀምጥ ይለውና ግቢውን ሲዞር ያድራል፤ ቤተሰብ ደግሞ ያንን ሕመሙ ነው ብሎ መድኃኒት ይጨምርለታል። በወንድ ልጅ ላይ ደግሞ ሪስፐሪዶንን የመሰሉ መድኃኒቶች የወሲብ ፍላጎት ሊቀንሱ ይችላሉ። ይህን 26 ዓመት የሆነው ልጅ ለእህቱ አይናገርም፣ ለእናቱማ ጭራሽ። ከሐኪሙ ጋር ለብቻው እንዲነጋገር አድርጉ። መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መቀየር፣ ለጎንዮሽ ጉዳቱ የሚረዳ ሌላ ኪኒን መጨመር ይቻላል።

በየቀኑ መዋጥ የሰለቸው ከሆነ ደግሞ መርፌ አለ። ለምሳሌ ፍሉፌናዚን ዴካኖኤት በየሁለት ሳምንቱ፣ አንዳንዴም በወር አንዴ ይወጋል። በፈቃዱ ከተስማማ እቤት ውስጥ በየጠዋቱ «ዋጥክ? አልዋጥክም?» የሚለው ጭቅጭቅ ይቀራል።

ስታነጋግሩት «አልታመምክም እንዴ!» ብላችሁ አትሟገቱ። አልታመምኩም የሚል ሰው «እንቅልፍ አጣሁ» ሊል ይችላል፣ ከእንቅልፉ ጀምሩ፣ ወደ ትምህርቱ መመለስ እንደሚፈልግ ከነገረሽ ከዚያ ጀምሩ። ጎረቤቶች ይሰድቡኛል ሲልሽ «ውሸት ነው» አትበይው፣ «አዎ እኔም ሰምቻለሁ»ም አትበይው። «እኔ አልሰማሁም፣ አንተን ግን እንደሚያስጨንቅህ አያለሁ» በቂ ነው።

ስለ ቡናው እውነቱን መናገሩ የግድ ነው፣ ግን ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ምረጡ። አሁን እናቱን በፈራበት ሰዓት እሳቸው ራሳቸው ቢነግሩት ቁጣው ወደ እሳቸው ሊዞር ይችላል። እስከዚያው ምግቡን ከአንድ ትሪ ብሉ፣ እሱ እያየ ቅመሱ፣ ቡናውንም ከጀበናው ራሱ ይቅዳ። እንቁላል ቀቅሎ፣ ሙዝ ልጦ ቢበላም አትከፉ።

ጸበል እንወስደዋለን ካላችሁ ውሰዱት። ግን መድኃኒቱን አቁም የሚላችሁን አትስሙ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ መወሰድ እንደሚችል ተናግረው ነበር፤ ለዚህም ሕመም የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ከጾሙና ከጸበሉ ጋር እንዳይጋጭ የኪኒኑን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ጫት የሚቅም ከሆነ ግን እሱ በእርግጥ ይቅርበት፣ ጥርጣሬውንም እንቅልፍ ማጣቱንም ያብሰዋል።

የሚሰማው ድምፅ ራስህን ግደል ወይም ሰው ምታ እያለ የሚያዝዘው ከሆነ፣ መርዝ ነው ብሎ ውሃም ምግብም ከተወ፣ ወይም ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ ግትር ብሎ ከዘባረቀ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የመድኃኒቱን ካርቶን ያዢ። መቼ መጨመር እንደጀመራችሁ፣ በቀን ስንት ኪኒን እንደገባ፣ ስንቱ ቡና እንደተደፋ ጽፈሽ ሂጂ። አፍራችሁ እንዳትደብቁ። ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ እውነታው ግን መድኃኒቱ ደጅ አፈር ላይ ነው ያለው።