ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይሰማም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍላችሁ፣ የእድራችን ፀሐፊ ነኝ። ስብሰባችን አስፋልቱ ዳር ካለች ዋርካ ስር ነው፣ ባንድ በኩል ወፍጮ ቤት በሌላው ባጃጅና አይሱዙ፣ እንግዲህ አስቡት። አምና አዋጥተን ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ገዝተን ነበር፣ ግን ከኋላ የሚቀመጡት «ድምፅህ ይሰማል፣ ምን እንደምትል ግን አይገባንም» ይሉኛል። ባለፈው መዋጮው ስልሳ ብር ነው ብዬ ስለፈልፍ ውዬ ግማሹ ሰላሳ ይዞ መጣ። አሁን ደሞ ትልቅ አምፕሊፋየር ይገዛ እየተባለ ነው፣ እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይገዛ። 100 ዋት የነበረውን 200 ብታደርገው የምታገኘው 3 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብቻ ነው፣ ሰው «ትንሽ ጨመረ እንዴ?» የሚልባት ያህል ነች። ሜዳ ላይ ግን ስፒከሩና አድማጩ መሀል ያለውን ርቀት በግማሽ ብትቀንሰው 6 ዲሲቤል ይጨምርልሃል፣ ያውም በነፃ።

ዋናው ችግርህ ግን ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ ይመስለኛል። እኛ አገር ሞንታርቦ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነካው ባስ ነው፣ ቀጥሎ ኤኮ፣ ለሰርግ ይሁን፣ ለእድር ግን አይሆንም። የሰው ድምፅ ጉልበቱ ያለው ወፍራሙ ጋ ነው፣ ቃሉን ከቃል የሚለየው ግን ቀጭኑ፣ ከ1000 እስከ 4000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው (ኸርዝ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው፣ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል)። ሰራ፣ ፈራ፣ ጠራ በላቸው እስቲ፣ ልዩነታቸው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ነች፣ እሷ ደሞ ደካማ ስለሆነች ባስ በበዛ ቁጥር ትዋጣለች፣ የወፍጮው ሞተርም የሚያጉረመርመው ወፍራሙ ላይ ስለሆነ እዛ ከሱ ጋር መፎካከር ትርፉ ድካም ነው። የድሮ ስልክ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር የሚያስተላልፈው፣ ግን ባህር ዳር ሆነህ ደጀን ካለ ዘመድህ ጋር ስታወራ ትግባቡ ነበር። ስለዚህ ባሱን እስከታች ቀንሰው፣ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ለየብቻ የሚያስተካክለው) ካለህ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጠው፣ 2000 እና 3000 አካባቢ ትንሽ ከፍ አድርግ፣ ኤኮውን ደሞ ጭራሽ አጥፋው። ድምፅህ ቀጥኖ ሊያስጠላህ ይችላል፣ ቻለው።

ማይኩን ከአፍህ ሦስት አራት ጣት ብቻ አርቀህ ያዘው። ብዙ ሽማግሌ ደረቱ ላይ ይይዘውና አንተ ቮልዩም ስትጨምርለት ያፏጫል፣ ወፍጮውም አብሮ ይገባበታል። የማይኩን ጭንቅላት በእጅ መጨበጥም ያስፏጫል። ነፋስ ካለ ስፖንጅ አልብሰው።

ሁለቱን ሞንታርቦ ደሞ እንዴት ነው ያስቀመጥካቸው? ግራና ቀኝ አራርቀህ ከሆነ አንዱ ጋ የተቀመጠ ሰው ቃሉን ሁለቴ ይሰማዋል፣ ምክንያቱም ድምፅ በሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለተኛው በ34 ሜትር ከራቀ 0.1 ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ያኔ አንዱ ፊደል ሌላው ላይ ይወድቃል። ሁለቱንም አንድ ቦታ፣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጋቸው፣ ጀርባቸውን ለወፍጮው ስጡት፣ ፊታቸውን ወደ ኋለኛው ረድፍ።

የስልሳና የሰላሳው ነገር ግን በማሽን ብቻ የሚፈታ አይደለም፣ ሰ ለ ሰ ናቸው ሁለቱም፣ የሚለያዩት በአናባቢ ነው። እኔ ብሆን «ስልሳ ብር፣ ሃምሳና አስር» ብዬ ሁለቴ ነው የምናገረው፣ አይሱዙው እስኪያልፍም ዝም እላለሁ።

ገንዘቡን የግድ እናውጣ ካላችሁ ጡሩምባ ስፒከር ግዙበት፣ መስጊድና መኪና ላይ የሚሰቀለውን። ባስ የለውም፣ ለሙዚቃ አይሆንም፣ ለንግግር ግን እሱ ነው። ባለ 100 ቮልት ትራንስፎርመር ያለውን፣ ለረጅም ገመድ የሚሆነውን፣ ካገኛችሁና አምፕሊፋየራችሁ የዛው መውጫ ካለው ደሞ ረጅም ገመድ ዘርግታችሁ አንዷን ከኋላ ረድፍ አጠገብ መስቀል ትችላላችሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ወደ ሞንታርቦዎቹ ሳይሆን ወደ ኋላ አዙራችሁ።