ስንት ሜትር ብንቆፍር አያልቅብንም?

ባለፈው ሰሞን፣ ከአቃቂ ወጣ ብሎ በማኅበር ተደራጅተው ቤት ከሚሠሩ ልጆች አንዱ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ግቢያችን ውስጥ ጉድጓድ ልናስቆፍር ነው። ስንት ሜትር ብንወርድ ነው ውሃው የማያልቅብን?» አጭር መልስ ሰጥቼው ተለያየን። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በከርሰ ምድር ውሃ ሥራ ላይ ነው። እናም እዚያው አካባቢ የማውቃቸውን አንዲት እናት አስታወሰኝ።

ቦታው ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት መረሬ መሬት ነበር። አንድ ፋብሪካ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ የፓምፕ ሙከራውን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። ፓምፑ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ እኛ ውሃው ምን ያህል እንደወረደ እየለካን እንጽፋለን። ሌሊትም እንቅልፍ የለም። የእማማ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። ብርድ ላይ ስናድር አዝነው ሻይና ቆሎ ይልኩልናል።

አንድ ቀን ላመሰግናቸው ብሄድ ከጓሯቸው ውሃ ሲቀዱ አገኘኋቸው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ። አፉ ላይ የተጋደመውን ግንድ ገመዱ ፈግፍጎት ቦይ አውጥቶበታል። ገመዱ አንድ ወጥ አልነበረም። ላይኛው አሮጌና የጠቆረ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ናይለን፣ ከሱ ሥር ጠፍር። «ድሮ በዚህች ብቻ ነበር የምቀዳው» አሉኝ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ይዘው። «ከዚያ ይችን ጨመርኩ። ዘንድሮ ደግሞ ይችን። ውሃው እየሸሸኝ ነው ልጄ።»

በዙሪያው ሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች ቀድመው ተቆፍረዋል። ከአንድ ጉድጓድ ብዙ ውሃ ሲሳብ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል ዝቅ ይላል። ቅርቡ በጣም፣ ሩቁ በትንሹ። ከሥር ያለው ድንጋይ ውሃ አሳልፎ ጥልቁንና የእጅ ጉድጓዱን የሚያገናኛቸው ከሆነ፣ ቀድሞ የሚደርቀው የእጅ ጉድጓዱ ነው።

ለፋብሪካው ሰዎች ነገርኳቸው። የእማማም ጉድጓድ አብሮ ይለካ፣ ፓምፑም ሌሊት ይረፍ አልኩ። «ፈቃዳችን የተሟላ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለእጅ ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። ለገጠሬው ታስቦ ነው፣ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ፈቃድ ስለሌለው ፋይል የለውም፤ ፋይል ከሌለው ሲደርቅም የሚያውቅለት የለም። ያው አዋጅ ደግሞ ከማንኛውም አገልግሎት በፊት ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል! ከዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ጉድጓዱ ተደፍኗል። እማማ በጋሪ የሚመጣ ውሃ በጀሪካን ይገዛሉ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። በዚያ ሁሉ መሣሪያ መሃል ዓመት ከዓመት የሚሆነውን የመዘገበው የሳቸው ገመድ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ለልጁ ጥያቄ የሚሆን ሜትር የለም። ከሥር ያለው ውሃ የክረምት ዝናብ ነው። ሰርጎ ከሚገባው በላይ ከተሳበ፣ ጥልቀቱ የሚያልቅበትን ቀን ያራዝማል እንጂ አያስቀረውም። ይህች ከተማ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጫፍ ላይ ደርሳለች። የእንጦጦና የዙሪያው ደን ለማገዶና ለቤት ተጨፍጭፎ ሲያልቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ባህር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ቀረች። ለውሃ ግን እንዲህ ያለ ምትክ አላውቅም። ባህር ዛፉ ራሱ ውሃ ጠጪ ነው።

ቧንቧ ዝጉ ብዬ አልመክራችሁም፤ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። አንድ ነገር ግን አልወድላችሁም። የዛሬ ልጆች ውሃ ከሮቶ የሚመነጭ ይመስላችኋል። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ትለስኑትና ዝናቡን ወደ ዲች ትሸኙታላችሁ። ደግሞም አልፈርድባችሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደገ ሰው ሮቶ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ጣሪያችሁን ቁጠሩት። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ይኼ 120 ሺህ ሊትር ማለት ነው። ሁሉም አይያዝም፣ አብዛኛውም በክረምት ነው የሚወርደው። ግማሹን እንኳ ብትይዙ፣ ለልብስና ለሽንት ቤት ከጉድጓድ የምትስቡት በብዙ ይቀንሳል።

መቆፈራችሁ ካልቀረ፣ ሪጉ፣ ማለትም የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽኑ፣ ከመምጣቱ በፊት በአቅራቢያችሁ ያሉትን የእጅ ጉድጓዶች ዞራችሁ ውሃቸው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ለኩ። በፓምፕ ሙከራው ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ፣ ክረምቱ ሲወጣ አንድ። ቀኑንና ሜትሩን በሁለት ቅጂ ጻፉት፤ አንዱን ለጉድጓዱ ባለቤት ስጡ።