ዓይን ጨፍኖ መቆም ምን ያሳያል?

ጥያቄ፦ የ67 ዓመቷ እናቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ሳትይዝ መራመድ አትችልም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እግሯን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና እንድትቆም ሲያደርጋት ወዲያው ተንገዳገደች። ይህ ለምን አስፈለገ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮውና ከእግሩ ጡንቻና መገጣጠሚያ በሚመጣ ስሜት ነው። ዓይን ሲጨፈን የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ይፈተናሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው ጀርመናዊ ሐኪም በሞሪትዝ ሮምበርግ ስም የሚጠራው ይህ ምርመራ፣ ዓይኑን ገልጦ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ሲጨፍን ከተንገዳገደ፣ ብዙውን ጊዜ የእግሩ ስሜት መዳከሙን ይጠቁማል፤ ስኳር ደግሞ የእግርን ነርቮች ቀስ በቀስ ይጎዳል። እናትዎ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ሳሙና እንዳይገባባቸው ዓይናቸውን በጨፈኑበት ቅጽበት ወደ ፊት የሚያዘነብሉ ከሆነ፣ ይህንን ለባለሙያው ሳይነግሩ አይቅሩ፤ ትልቅ ፍንጭ ነው። ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ ተመልሶ መቀመጥ 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀባቸውም የመውደቅ ስጋት አለባቸው ማለት ነው።

እባክዎ ምርመራውን ቤት ውስጥ አይሞክሩት። ይልቅስ ማታ ማታ ባትሪ ከአልጋቸው አጠገብ ያኑሩላቸው፤ የእግራቸውንም መዳፍ በየቀኑ ይመልከቱላቸው፤ ስሜቱ የደከመ እግር ሚስማር ቢወጋውም ላያውቅ ይችላል።