መልስ፦ ርእዮተ ዓለም በውጭ ኩባንያ ላይ ያለውን ተጽዕኖ በምን ልለካ?

መምህርህ «ርእዮተ ዓለም በምን ይለካል?» ብለው የጥናት ንድፍህን ከመለሱብህ፣ ርእዮተ ዓለሙን ትተህ ሕጉን ለካ። መንግሥት ስለ ንብረት ያለው እምነት የሚጨበጠው በአዋጅ ነው።

አንድ ኩባንያ ያዝና ጠይቅ፦ ባለቤቱ ማን ነበር? ትርፉን ወደ አገሩ መላክ ይችል ነበር? ዋጋውንስ ማን ይወስን ነበር?

እኔ ብሆን የወንጂ ስኳር ፋብሪካን እመርጣለሁ። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. እዚያ ስኳር ማምረት ጀመረ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ኅብረተሰባዊነትን (ሶሻሊዝምን) ሲያውጅ ፋብሪካው በዚያው ዓመት ተወረሰ። አገዳው ያው አገዳ፣ አፈሩም ያው አፈር ነው፤ የተለወጠው መንግሥት ስለ ንብረት ያለው እምነት ነበር። ማነጻጸሪያ ከፈለግህ ባንኮችን ተመልከት፦ የተወረሱት በታኅሣሥ 1967 ነው፤ ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው አዋጅ በምክር ቤት የጸደቀው ደግሞ በታኅሣሥ 2017፣ ልክ በሃምሳ ዓመቱ!

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ስማር፣ ቅርብ ነው ብዬ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ይዤ ሁለት ወር አባከንሁ። ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተተከለ የመንግሥት ንብረት ነበር፤ የውጭ ባለቤት ስላልነበረው ጥያቄዬን ሊመልስልኝ አልቻለም። የባለቤትነቱን ታሪክ ሳታጣራ አንድም ገጽ አትጻፍ።