የካውቦይ ፊልም ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ስለ ካውቦይ ፊልሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን ለስድስቱ መልስ ሰጥተናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የየፊልሙን መጨረሻ ላለማውጣት ተጠንቅቀናል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ የድሮ ካውቦይ ፊልም ሲያደንቁ ሰምቼ ሁለት ሦስቱን ሞከርኩ፤ አሰለቸኝ። እንግዳ ሰው በፈረስ ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ይሄዳል። ምኑ ነው የሚደነቀው? ከየትስ ልጀምር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ታሪኩ ተደጋጋሚ መሆኑ እውነት ነው። ተመልካቹ መጨረሻ ላይ ተኩስ እንዳለ ገና ሲቀመጥ ያውቃል። ስለዚህ ጥሩውን ከተራው የሚለየው ዳይሬክተሩ ከተኩሱ በፊት ያለውን ጊዜ የሚይዝበት መንገድ ነው። ይህ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ፊልም ይጀምሩ፦ የፍሬድ ዚነማን «ሃይ ኑን» (1952)። ርዝመቱ 85 ደቂቃ ብቻ ነው።

የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕግ አስከባሪ የሆነው ዊል ኬን (ጋሪ ኩፐር) በዚያው ጠዋት አግብቷል፤ ሥራውን ለቆ ከሚስቱ ጋር ሊሄድ ነው። በዚህ መሃል ቀድሞ ያሳሰረው ወንጀለኛ ተፈትቶ በስድስት ሰዓቱ ባቡር እየመጣ መሆኑ ይሰማል። ሦስት ግብረ አበሮች ባቡር ጣቢያው ላይ ይጠብቁታል። ኬን የሚያግዘው ሰው ፍለጋ ከተማውን ይዞራል። ዳኛው ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል፤ ምክትሉ አኩርፎ ሥራውን ይተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበው ሕዝብ ሲከራከር ቆይቶ እጁን ያጥባል፤ አንዱ ወዳጁ ደግሞ ሚስቱን «የለም በይው» ብሎ ጓዳ ይደበቃል። በፊልሙ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ እርስዎ ወንበር ላይ ከሚያሳልፉት ጊዜ ጋር ተቀራራቢ ነው። የግድግዳ ሰዓቶቹ በየትዕይንቱ ብቅ የሚሉት ለዚህ ነው፤ አይለፏቸው።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ያለውን ቅንብር ሁለት ጊዜ ይዩት። የሰዓቱ ፔንዱለም፣ ባዶው የባቡር ሐዲድ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሰዎች፣ ቡና ቤት ያሉት፣ ወንጀለኛው የተፈረደበት ባዶ ወንበር፣ የኬን ፊት፤ ሁሉም ከዲሚትሪ ቲዮምኪን ሙዚቃ ምት ጋር ተቆርጠው ይመጣሉ። ከዚያ የባቡሩ ፊሽካ። እስከዚህ ድረስ የረባ ተኩስ የለም፤ እጅዎ ግን ወንበሩን ጨብጧል። ካሜራማኑ ፍሎይድ ክሮዝቢ ሰማዩን የሚያሳምር ማጣሪያ ስላልተጠቀመ ሰማዩ ነጭና ደረቅ ነው፤ የሙቀቱና የብቸኝነቱ ስሜት ከዚያ ይመጣል። ስልክ እየነካኩ ካዩት ግን ሰዓቶቹ ያመልጥዎታል፤ ሰዓቶቹ ካመለጡ ደግሞ የቀረው ወሬ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የጆርጅ ስቲቨንስን «ሼን» (1953) ይዩ። ጠቡ የመሬት ነው፦ በ1862ቱ የሰፈራ ሕግ ለአንድ አባወራ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) ይሰጥ ስለነበር፣ ከብቱን በሰፊው ሜዳ ያሰማራ የነበረው ባለ ሀብት ከአራሾቹ ጋር ይጋጫል። ስቲቨንስ ተኩስን ይቆጥባል። ሲተኮስ ግን ጆሮ ያደነቁራል፤ ድምፁን ያገኙት ትንሽ መድፍ በቆሻሻ በርሜል ውስጥ በመተኮስ ነው። ጭቃማው መንገድ ላይ አንድ አራሽ ሲመታም ተዋናዩ በታሰረበት ሽቦ ወደ ኋላ ስለሚጎተት የጥይቱ ኃይል ይታያል። ተኩስ ያልበዛበት ፊልም ውስጥ አንዲት ጥይት ይህን ያህል ትከብዳለች።

ጥያቄ፦ አባቴ በወጣትነቱ ስላየው «ጃንጎ» ሁልጊዜ ያወራል። ልገዛለት ስፈልግ በዚህ ስም ብዙ ፊልም አገኘሁ። የቱ ነው ትክክለኛው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሰርጂዮ ኮርቡቺ፣ የ1966ቱ፣ ፍራንኮ ኔሮ የሚሠራበት። ጀግናው የሬሳ ሣጥን በጭቃ ላይ እየጎተተ ከመጣ እሱ ነው። ፊልሙ ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ገበያው ሲደራ ሌሎች አምራቾች ከታሪኩ ጋር በማይገናኙ ፊልሞቻቸው ላይ ሁሉ ስሙን ለጠፉት። ሲገዙ ርዕሱን ትተው ዓመቱንና የዳይሬክተሩን ስም ይመልከቱ። የ2012ቱ የኩዊንቲን ታራንቲኖ ፊልምም ስሙን ተውሷል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» ላይ ሦስቱ ሰዎች መቃብር ቦታው ውስጥ የሚፋጠጡበት ትዕይንት ስንት ጊዜ ባየው አይሰለቸኝም። ምን አድርገውበት ነው? የተዋንያኑ ከንፈርና ድምፅስ ለምን አይገጥምም? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ሰርጂዮ ሊዮኔ ይህን የ1966 ፊልም መጨረሻ ያስቀረጸው ስፔን ውስጥ፣ ቡርጎስ ግዛት፣ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ሲሎስ አጠገብ ነው። መቃብር ቦታው እውነተኛ አይደለም። የስፔን ወታደሮች በሺዎች የሚቆጠሩ መቃብሮችን በክብ በክብ ሠርተው መሃሉን ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ አደረጉት። ከ2015 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ሣር የዋጠውን ያን ንጣፍ ቆፍረው አውጥተውታል፤ ዛሬ ሄዶ መቆም ይቻላል።

የትዕይንቱ ኃይል ከቅደም ተከተሉ ይመጣል። መጀመሪያ ሦስቱ በክቡ ጠርዝ ላይ ከሩቅ ይታያሉ፤ ማን የት እንደቆመ ልቡናችን ይመዘግባል። ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ቀላል ነበር። ሦስት ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ሁለት ጠላት አለው፤ ወደ አንዱ የተኮሰ ለሌላው ጀርባውን ይሰጣል። ይህን ሒሳብ ከእነሱ ጋር አብረን እንድናሰላ ጊዜ ይሰጠናል። ከዚያ ካሜራው ይጠጋል፦ ከወገብ በላይ፣ ወደ ሽጉጡ የሚንፏቀቅ እጅ፣ ፊት፣ በመጨረሻ ዓይን ብቻ። ቁርጦቹ (እየተቀያየሩ የሚመጡት ቀረጻዎች) መጀመሪያ ረጃጅም ናቸው፤ እየቆዩ ያጥራሉ። የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃም በዝግታ ይጀምርና ጥሩንባው ሲገባ ይገዝፋል።

አንድ ሙከራ እንጠቁምዎ። ትዕይንቱን ድምፁን አጥፍተው የሦስቱን ዓይን ብቻ ይከታተሉ። የቱኮ (ኢላይ ዋላክ) ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይባዝናል። የሊ ቫን ክሊፍም ይቅበዘበዛል። የክሊንት ኢስትውድ ግን የተረጋጋ ነው። ለምን እንደተረጋጋ ፊልሙ ኋላ ይነግረናል፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ተናግሯል። ይህን ትዕይንት የሚኮርጁ ብዙዎች ዓይኑንና ጥሩንባውን ይወስዱና የመጀመሪያውን የሩቅ ቀረጻ ይተዋሉ። ማን የት እንደቆመ ካላወቅን ዓይን ቢደረደር አያስፈራም።

የከንፈሩ ጉዳይ የቅጂዎ ጥፋት አይደለም። በዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልሞች ድምፅ በአብዛኛው ከቀረጻው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር የሚገባው። አሜሪካውያኑ እንግሊዝኛ፣ ሌሎቹ ጣሊያንኛ ወይም ስፓኒሽ እየተናገሩ ይቀረጻሉ፤ ኋላ ድምፃቸው በአንድ ቋንቋ ይተካል። በእንግሊዝኛው ቅጂ የሦስቱ ዋና ተዋንያን ድምፅ የራሳቸው ነው። በ2003 በተራዘመው ቅጂ ግን በተጨመሩት ትዕይንቶች ኢስትውድና ዋላክ በእርጅናቸው ነው የተናገሩት፤ ቫን ክሊፍ በ1989 ስላረፈ የእሱን ሌላ ሰው ተክቶታል። ድምፃቸው ድንገት ከተለወጠብዎ ምክንያቱ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ ፊልም ከላይና ከታች፣ አንዳንዱ ከግራና ከቀኝ ጥቁር ይሆንብኛል። ቴሌቪዥኔን እንዴት ላስተካክል? ቅጂው የተቆራረጠ መሆኑንስ በምን ልወቅ? (ከዱባይ)

መልስ፦ ጥቁሩን አይንኩት። የሊዮኔ ፊልሞች ስፋታቸው የቁመታቸው 2.35 እጥፍ ገደማ ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን 1.78 ነው። «ዙም» ብለው ስክሪኑን ከሞሉት ከምስሉ ሩብ ያህሉ በጎንና በጎን ይቆረጣል፤ የመቃብር ቦታው ፍጥጫ ላይ ሊቆረጡ የሚችሉት ደግሞ ጠርዝ ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው። «ሃይ ኑን» በተቃራኒው 1.37 ስለሆነ ጥቁሩ ከግራና ከቀኝ ይመጣል። ከለጠጡት ጋሪ ኩፐር ይወፍራል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውንና የምስል ቅንጣትን (ፊልም ላይ የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ) የሚያጠፋውን የቴሌቪዥኑን ማስተካከያም ይዝጉት። ሊዮኔ የተጠቀመበት ቴክኒስኮፕ የተባለው የቀረጻ ዘዴ ለእያንዳንዱ ምስል የተለመደውን የፊልም ጥቅል ግማሽ ብቻ ይወስድ ነበር። ርካሽ ነው፤ ሲተለቅ ግን ቅንጣቱ ይጎላል። ቅንጣቱ ሲጠፋ የፊት ቆዳ ሰም ይመስላል፤ ላቡና አቧራው አብሮ ይሄዳል።

ስለ ርዝመት፦ የሊዮኔ «ወንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» (1968) በብዛት የሚገኘው ያልተቆረጠ ቅጂ 165 ደቂቃ ነው። 145 ካለ አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠው ነው፤ አይግዙት። 158 ካለ ግን አይስጉ፤ የአውሮፓ ዲቪዲ በሴኮንድ 24 ምስል የነበረውን በ25 ስለሚያጫውት ያጥራል እንጂ የጎደለ የለም።

ጥያቄ፦ በነዚህ ፊልሞች ነባር አሜሪካውያን ሁልጊዜ ጠላት ናቸው። ይህን እያወቅን ማድነቅ እንችላለን? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ጥፋቱን ሳንሸፍን፣ አዎ። የጆን ፎርድን «ዘ ሰርቸርስ» (1956) እንውሰድ። ኮማንቺ የሚባሉትን ነባር አሜሪካውያን አለቃ የሚሠራው ጀርመን የተወለደ ነጭ ተዋናይ ነው፤ ተራዎቹን ኮማንቺዎች የሚሠሩት ደግሞ ቀረጻው የተካሄደበት የሞኑመንት ቫሊ ባለቤቶች፣ ናቫሆ የሚባሉት ሌሎች ነባር አሜሪካውያን ናቸው። ታሪኩ ቴክሳስ ነው ይላል፤ ቦታው ግን ያለው አሪዞናና ዩታ ድንበር ላይ ነው። እነዚህ የፊልሙ ስህተቶች ናቸው።

ፎርድ ግን ያንኑ ጥላቻ ጀግናው ላይ አስቀምጦ ያሳየናል። ጆን ዌይን የሚሠራው ኢታን የተጠለፈች የወንድሙን ልጅ ለዓመታት ይፈልጋል፤ እየቆየ ሊያድናት ይሁን ሊገድላት እንደሆነ እንጠራጠራለን። የሞተ ኮማንቺን ዓይን በጥይት ሲያጠፋ ካሜራው አያሞግሰውም። አብረውት የሚጓዙት ሰዎች ፊት ላይ ያለውን ድንጋጤ ይመልከቱ። ፊልሙ የሚጀምረው ከጨለማ ቤት ውስጥ በር ሲከፈት ነው፤ ከዚያ በኋላ በርና ዋሻ በመጣ ቁጥር ማን ከውስጥ፣ ማን ከውጭ እንደቆመ ልብ ይበሉ። ጥቁር ካውቦዮችንም ይህ የፊልም ዓይነት ለረጅም ጊዜ ረስቷቸዋል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ከአራት ካውቦይ አንዱ ጥቁር እንደነበር ይገምታሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ ሽጉጥ ሳይጎርስ ሃያ ጊዜ የሚተኩስ ጀግና እውነት አለ? (ከደሴ)

መልስ፦ የለም። በ1873 የወጣው ኮልት ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ግን ሽጉጡ ቢወድቅ እንዳይባርቅ መምቻው (ጥይቱን መትቶ የሚያተኩሰው ክፍል) ያረፈበትን ቀዳዳ ባዶ ትቶ አምስት ብቻ ይጎርስ ነበር። ለእያንዳንዱ ተኩስ መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል። ቀለሁም በጎን ባለችው ትንሽ በር በኩል አንድ በአንድ እየተገፋ ይወጣል፤ አዲሱ ጥይትም አንድ በአንድ ይገባል። መምቻውን በሌላው እጅ መዳፍ እየመቱ መተኮስ ፈጣን ነው፤ ዒላማ ግን ይስታል። ዘመኑንም ያጣሩ፦ የ«ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ» ታሪክ በ1862 ነው፤ ያኔ የወታደር ሽጉጥ በብዛት ባሩድና አረር ለየብቻ የሚጎርስ ነበር። በፊልሙ የሚታየው ቀለህ ያለው ጥይት በእንዲህ ዓይነት ሽጉጥ የተስፋፋው ከ1870 ወዲህ ነው። ሊዮኔ ይህን አልተጨነቀበትም። የ«ሼን» ሰዎች ግን ጥይታቸውን ይቆጥባሉ፤ ቆጥረው ይድረሱበት።