የአድማው ካዝና ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ላስ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ነኝ። ዩኒየናችን በአዲሱ ኮንትራት ከሆቴሉ ጋር ስላልተስማማ ለሥራ ማቆም ድምፅ እንድንሰጥ ተጠርተናል። «ሥራ ካቆማችሁ በየሳምንቱ ከፈንዱ ይከፈላችኋል» ይሉናል። ባለቤቴ ደግሞ «እናንተ ፀሐይ ላይ ስትቆሙ የመሪዎቹ ደመወዝ መች ይቆማል?» እያለ ያበሽቀኛል። በየወሩ ከቼኬ የሚቆረጠው ገንዘብ የት ነው ያለው? የሚያዝበትስ ማነው?
— አልጋ አንጣፊዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ የነገር ጫፍ ይዟል። አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማኅበር ገንዘብ ያዥ ሳለሁ ሰው ከኋላዬ የሚያንሾካሹከው ይህንኑ ነበር። እዚህ አሜሪካ መጥቼ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሾፕ ስቱዋርድ፣ ማለትም በሥራ ቦታው የዩኒየኑ ተወካይ፣ ስሆንም አልቀረልኝም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ንዴቱን ትተን በቁጥር እንየው።

ብዙ ጊዜ የአድማ ፈንድ ለቢሮ ኪራይና ለጸሐፊ ደመወዝ ከሚወጣው ገንዘብ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። በብዙ ትልልቅ ዩኒየኖች ደግሞ የሚይዘው ብሔራዊው ጽሕፈት ቤት እንጂ ቅርንጫፉ አይደለም። ስለዚህ የቅርንጫፍሽ ሊቀመንበር «ይከፈላችኋል» ሲል ሌላ ቦታ ያለ ካዝናን ወክሎ እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ከድምፁ በፊት እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂ። ክፍያው ከመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ከሁለተኛው ሳምንት? የጤና ኢንሹራንሴ ቢቋረጥ ፈንዱ ይሸፍናል? ሆቴሉ የኔን ፎቅ ብቻ ዘግቶ ወደ ቤት ቢሰደኝስ?

አሁን ሒሳቡን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 2023 የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ዩኒየን በፎርድ፣ በጂ ኤምና በስቴላንቲስ ላይ ሲነሳ ፈንዱ ውስጥ 825 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበረው። ለአንድ አድመኛ በሳምንት 500 ዶላር ይከፍል ነበር። በሦስቱ ኩባንያዎች የነበሩት አባላት ወደ 146,000 ይጠጉ ነበር። ሁሉም ባንድ ቀን ቢወጡ በሳምንት 73 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ ከ11 ሳምንት ብዙም አያልፍም ማለት ነው። ኢንሹራንሱን ሳንቆጥር!

መሪዎቹ ምን አደረጉ? በፈረንጆቹ መስከረም 15 ቀን ሚዙሪ፣ ኦሃዮና ሚሺጋን ውስጥ ካሉ ፋብሪካዎች ሦስቱን ብቻ አስቆሙ። የወጡት 13,000 ሰው ግድም ናቸው፤ ለሳምንት 6.5 ሚሊዮን ዶላር ይበቃቸዋል። ከዚያ ድርድሩ ሲጓተት ሌላ ፋብሪካ ይጨምራሉ። አሠሪው ነገ የትኛው እንደሚቆም አያውቅም። በስድስት ሳምንት ገደማ ከሦስቱም ጋር ተስማሙ፤ በኮንትራቱ ዘመን 25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተገኘ።

እኔ ይህን ዘዴ አደንቃለሁ። ግን የሚጎዳው ሰው አለ። አንዱ በ500 ዶላር ሲኖር ጎረቤቱ ሙሉ ደመወዙን እየበላ ነው፤ ትግሉ ግን የሁለቱም ነው። መሪ ይህን ሰው አስቀድሞ ሊያናግረው ይገባል። በኋላ ስምምነቱ ለድምፅ ሲቀርብ ጂ ኤም ውስጥ የደገፈው 55 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ድል ተብሎ የተጨበጨበለት ስምምነት ነው እንግዲህ!

የባለቤትሽ ጥርጣሬም ከሰማይ አልወረደም። የዚሁ የመኪና ሠራተኞች ዩኒየን ሁለት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች፣ ጋሪ ጆንስና ዴኒስ ዊልያምስ፣ በ2021 እስር ተፈርዶባቸዋል። ጆንስ 28 ወር፣ ዊልያምስ 21 ወር። የአባላቱ መዋጮ ለጎልፍ፣ ለሲጋርና ፓልም ስፕሪንግስ ለሚገኙ ቪላዎች ሲወጣ ነበር። በዚህ ቅሌት ምክንያት ነው ፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ የሾመላቸው። አባላቱም መሪያቸውን በተወካይ ሳይሆን በቀጥታ በድምፃቸው መምረጥ ጀመሩ። የ2023ቱን አድማ የመራው ሾን ፌይን በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

አንቺ ፍርድ ቤት መጠበቅ የለብሽም። ከ1959 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ሕግ ዩኒየኖች በየዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት ለፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ያቀርባሉ። የትልልቆቹ ቅጽ ኤል ኤም 2 ይባላል። የመሪዎቹ ደመወዝ በስም በስማቸው ተጽፎበታል። በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የዩኒየንሽን ስም አስገብተሽ በነፃ ታይዋለሽ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ልጅሽ ታንብብልሽ። ከዚያ ለባለቤትሽ ቁጥሩን አሳይው፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሁለታችሁም ስብሰባ ላይ የምትጠይቁት ነገር ታገኛላችሁ።

ድምፅሽን እንዲህ ስጪ አልልሽም። ግን ረጅሙንም አስቢ። እዚያው ከተማችሁ ቨርጂን ሆቴል ላይ ኅዳር 2024 የተጀመረው አድማ 69 ቀን ፈጅቷል። ፍሮንቲየር ሆቴል ላይ ደግሞ ከ1991 እስከ 1998 ከስድስት ዓመት በላይ ቆመዋል፤ 550 ያህል ሠራተኞች፣ አንድም ሰው ሳይከዳ! ያን የመሰለ አድማ በፈንድ ብቻ አይቆምም። ሌላ ሆቴል ሥራ የሚያፈላልግላቸው፣ የቤት ኪራይ ሲዘገይ ከአከራይ ጋር የሚነጋገርላቸው ሰው ነበር የሚያስፈልጋቸው። የናንተዎቹ መሪዎች ለዚህ ሰው መድበው እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በፋብሪካችን ማኅበር ከደመወዛችን 1 በመቶ ይቆረጣል። ሊቀመንበሩ «ለክፉ ቀን ነው» ይላል። በትርፍ ሰዓት ክፍያ ጉዳይ ሥራ እናቁም ስንለው «ፈንዱ አይበቃም» አለን። ስንት ነው ብለን ብንጠይቅ «ምስጢር ነው፣ አሠሪው ይሰማል» ብሎ ዘጋን።
— ከዱከም

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህችን መልስ አውቃታለሁ። ትንሽ እውነት አላት። አሠሪ ካዝናችሁ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ካወቀ ያንን ቀን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ግን እስቲ አስበው፦ መዋጮውን ከደመወዛችሁ ቆርጦ ለማኅበሩ የሚያስገባው ማነው? አሠሪው ራሱ! የገባውን እስከ ሳንቲሙ ያውቃል። የማታውቁት እናንተ ናችሁ።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው፣ የገንዘብና የንብረት አያያዙም በደንቡ ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ደንቡን ጠይቁ። የባንክ ሒሳቡ ላይ የሚፈርሙት ስንት ናቸው? ኦዲተሩ የሥራ አስፈጻሚው ሰው ነው ወይስ ከመስመር የተመረጠ? የባንኩ ስቴትመንት በዝግ ጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ፤ ስልክ በር ላይ ይሰብሰብ ካሉም ይሰብስቡ።

ሥራ ማቆሙን በተመለከተ ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው። ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የተገኙበት ስብሰባ ላይ አብላጫው መደገፍ አለበት። ምክንያቱን ገልጻችሁ ከ10 ቀን በፊት ለአሠሪውና ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ትሰጣላችሁ። በስምምነት ለመፍታትም መሞከር አለባችሁ። ሥራ ባቆማችሁባቸው ቀናት ደመወዝ አትጠብቁ።

ፈንዱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ አከፋፈሉን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ማኅበር ውስጥ ትልቁ ጭቅጭቅ የነበረው እሱ ነው። አራት ልጆች ያሉት መካኒክ እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይከፈል አለ። ክር ክፍል ያለች ልጅ ተነስታ «እኔም ገጠር ያሉትን እናቴን አስገባልኝ እንግዲህ» አለችው። ቤቱ ሳቀ። እኩል ይሁን ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እኔም ዛሬ ድረስ እኩል የሚለው ይሻላል ባይ ነኝ። ስንት ልጅ አለህ ብሎ የሚመረምር ኮሚቴ ከተቋቋመ ዘመድ መጥቀም ይጀመራል።

ጥያቄ፦ አድማ ላይ ሳለሁ ኡበር ብነዳ ከፈንዱ የሚሰጠኝ ይቀራል?
— ከሲያትል

መልስ፦ እንደ ዩኒየንህ ደንብ ነው። ብዙዎቹ አጥብቀው የሚይዙት ፒኬት ላይ፣ ማለትም አድመኞቹ በሥራ ቦታው ደጃፍ በሚያደርጉት ሰልፍ ላይ፣ ተራህን መቆምህን ነው፤ እድር ቀብር የቀረን እንደሚቀጣው። ሌላ ገቢ ላይ ጣሪያ የሚያስቀምጡም ስላሉ መጀመሪያ ስቱዋርድህን አነጋግር፤ መልሱን ቢቻል በጽሑፍ ተቀበል። አንድ ነገር ግን አትርሳ፦ ከፈንዱ የምትቀበለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ታክስ ይከፈልበታል። የቼኮቹን ኮፒ ከኡበሩ ሒሳብ ጋር ባንድ ፖስታ አስቀምጠህ ለታክስ ሠሪህ ስጠው።